ከባሕር ሥር እስከ ኪስ፦ የነዳጅ ፈቃድ ክርክርና አነስተኛ ባለአክሲዮኖች

አንድ ትንሽ የነዳጅ ፍለጋ ኩባንያ አክሲዮኑን በለንደን ገበያ ይሸጣል፤ የሚፈልግበት መሬት ወይም ባሕር ግን የሌላ አገር ነው። ከገዢዎቹ ውስጥ ብዙዎቹ ከቁጠባቸውና ከጡረታቸው ቆጥበው ጥቂት ሺህ አክሲዮን የያዙ ግለሰቦች ናቸው። ፈቃዱን የሰጠው መንግሥት ሐሳቡን ሲለውጥ ወይም ሌላ ኩባንያ «ቦታው የእኔ ነው» ብሎ ሲነሳ ክርክር ይጀመራል። አንዳንዱም አሥር ዓመት ይፈጃል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ባለአክሲዮኑ የሚጠብቀው ምኑን ነው? ከሥር ያለውን ዘይት? የማውጣት መብቱን? ወይስ ካሳውን? ሦስቱ በአንድ የአክሲዮን ዋጋ ውስጥ ተጠቅልለው ስለሚወሩ አንድ ነገር ይመስላሉ፤ የሚሄዱበት መንገድ ግን የተለያየ ነው። ዘይቱ ኖሮ መብቱ ሊከለከል፣ መብቱ ተረጋግጦ ካሳው ላይከፈል፣ ካሳው ተፈርዶ ባለአክሲዮኑ ዘንድ ሳይደርስ ሊቀር ይችላል። ብዙው ውዥንብር የሚመጣው ይህን ለይቶ ካለማየት ነው። (ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የነገሩ መነሻ

ከአሜሪካ የግል መሬት በቀር በአብዛኛው ዓለም የከርሰ ምድር ሀብት የመንግሥት ነው። ኩባንያው የሚያገኘው ፈቃድ ነው፤ እሱም ቢሆን ደረጃ ደረጃ አለው። የፍለጋ ፈቃድ ጉድጓድ ለመቆፈር ያስችላል። ዘይት ከተገኘ በኋላ ለማምረት ደግሞ ሌላ ፈቃድ ወይም የምርት ክፍፍል ውል ያስፈልጋል። «ያገኘ ሰው የማምረት መብትም አለው ወይ?» የሚለው ጥያቄ የብዙዎቹ ክርክሮች ቋጠሮ ነው።

ክርክሩ ከኢንዱስትሪው ጋር አብሮ ያደገ ነው። ዊልያም ዳርሲ በ1901 ከፋርስ ንጉሥ ያገኘው ሰፊ ፈቃድ በ1932 በሬዛ ሻህ ተሰረዘ፤ በማግሥቱ ዓመት በአዲስ ውል ተተካ። ለዚህ ዳሰሳ ይበልጥ የሚጠቅመው ግን የሜክሲኮ ታሪክ ነው። በማርች 1938 ፕሬዚዳንት ላሳሮ ካርዴናስ የውጭ ነዳጅ ኩባንያዎችን ንብረት ወረሱ። ትልቁ ተወራሽ አክሲዮኑ በለንደን የሚሸጠው ሜክሲካን ኢግል ነበር። ብሪታንያ ተቃወመች፤ ሁለቱ አገሮች የዲፕሎማሲ ግንኙነታቸውንም አቋረጡ። ስለ ካሳው ስምምነት የተደረሰው በ1947 ሲሆን፣ ገንዘቡም ከወለዱ ጋር ወደ 130 ሚሊዮን ዶላር ሆኖ በ15 ዓመት ተከፋፍሎ እንዲከፈል ተወሰነ። በ1938 አክሲዮን የነበረው የአርባ ዓመት ሰው የመጨረሻው ክፍያ ሲደርስ ስድሳዎቹን አጋምሷል። ካሳ ተከፍሏል ማለት ይቻላል። ለማን ጠቀመ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ በየመሃሉ ተስፋ ቆርጦ በርካሽ የሸጠ ሰው ከዚያ ገንዘብ ሰባራ ሳንቲም አላገኘም።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1962 ባሳለፈው 1803ኛው ውሳኔ ሁለት ነገሮችን ጎን ለጎን አስቀመጠ፦ ሕዝቦች በተፈጥሮ ሀብታቸው ላይ ዘላቂ ሉዓላዊነት አላቸው፤ ሲወርሱ ደግሞ «ተገቢ» ካሳ ይከፍላሉ። «ተገቢ» ስንት ነው? ያወጣውን ወጪ ያህል ነው ወይስ ሊያገኝ ይችል የነበረውን ትርፍ? ስድሳ ዓመት አልፎም የሚያጨቃጭቀው ይኸው ቃል ነው።

ኩባንያው ሌላ፣ ባለአክሲዮኑ ሌላ

በእንግሊዝ ሕግ ከ1843ቱ የፎስ እና ሃርቦትል ጉዳይ ጀምሮ የጸና መርህ አለ፦ ጉዳቱ በኩባንያው ላይ ከደረሰ ከሳሹ ኩባንያው ነው። የአክሲዮኑ ዋጋ ስለወደቀ ብቻ ባለአክሲዮኑ በራሱ ስም ካሳ መጠየቅ አይችልም፤ የእሱ ኪሳራ የኩባንያው ኪሳራ ጥላ ነውና። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2020 የሴቪዬሃ እና ማሬክስን ጉዳይ ሲወስን የዚህን መርህ ክልል አጥብቦታል፤ ለባለአክሲዮን ግን እንዳለ ትቶታል።

በዓለም አቀፍ ሕግ ተመሳሳዩን ያለው የሄጉ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ነው፤ በ1970 በባርሴሎና ትራክሽን ጉዳይ። ኩባንያው በካናዳ የተመዘገበ፣ በስፔን የኤሌክትሪክ ሥራ የሚሠራ፣ አብዛኞቹ ባለአክሲዮኖቹ ቤልጂጋውያን የሆኑ ነበር። ስፔን ውስጥ በ1948 ኪሳራ ታወጀበት። ቤልጂግ ለዜጎቿ ተከራከረች፤ ፍርድ ቤቱም «መብት» እና «ጥቅም» ይለያያሉ ብሎ ክሱን ሳይቀበል ቀረ። የተነካው የኩባንያው መብት ነው፤ የባለአክሲዮኖቹ ጥቅም ተጎድቷል፣ መብታቸው ግን አልተነካም አለ። ዛሬም የአነስተኛ ባለአክሲዮንን ቦታ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም።

የኢንቨስትመንት ስምምነቶች ይህን ግድግዳ ከፊሉን አፍርሰዋል። አብዛኞቹ ስምምነቶች «ኢንቨስትመንት» ሲሉ አክሲዮንንም ይጨምራሉ። ሲኤምኤስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በአንድ የአርጀንቲና ጋዝ ማስተላለፊያ ድርጅት ውስጥ የነበረው ድርሻ 29.42 በመቶ ብቻ ነበር፤ ሆኖም በዓለም ባንክ ሥር ባለው የኢንቨስትመንት ክርክር ማዕከል፣ በኢክሲድ፣ በራሱ ስም ከስሶ በ2005 ከ133 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተፈረደለት። ስለዚህ በመርህ ደረጃ በሩ ለአናሳ ባለአክሲዮንም ተከፍቷል። በተግባር ግን እንዲህ ያለ ሙግት ሚሊዮኖች ይፈጃል፤ አምስት ሺህ አክሲዮን ላለው ሰው የተከፈተ በር አይደለም። ብዙ ትንንሽ ሰዎች ተሰባስበው የገቡበት ታዋቂ ምሳሌ የአባክላት ጉዳይ ነው። 60 ሺህ ያህል ጣሊያናውያን አርጀንቲናን ከስሰው በ2016 በ1.35 ቢሊዮን ዶላር ተስማሙ። እነሱ የያዙት ግን የመንግሥት ቦንድ ነበር፤ ተበዳሪው ራሱ ከሳሾቹ ፊት የቆመበት ጉዳይ ነው። ለነዳጅ ፍለጋ ኩባንያ አክሲዮን ተመሳሳይ መንገድ እስካሁን አልተጠረገም።

ኦምብሪና ማሬ

ሁሉንም ጥያቄዎች በአንድ ላይ የሚያሳየው የሮክሆፐር ኤክስፕሎሬሽን እና የጣሊያን ክርክር ነው። ሮክሆፐር በ2004 የተቋቋመ፣ በለንደን የትንንሽ ኩባንያዎች ገበያ በኤይም አክሲዮኑ የሚሸጥ ድርጅት ነው። ስሙን ያስጠራው በሜይ 2010 ከፎክላንድ ደሴቶች በስተሰሜን ሲ ላየን የተባለውን የነዳጅ ክምችት ማግኘቱ ነበር። አክሲዮኑ በአንድ ቀን ከእጥፍ በላይ ጨመረ፤ በግለሰብ ገዢዎች ዘንድም ተወዳጅ ሆነ። ፎክላንድን የራሷ የምትለው አርጀንቲና ሥራውን ሕገ ወጥ ብላዋለች፤ ይህ ግን ራሱን የቻለ ሌላ ክርክር ነው።

በ2014 ሮክሆፐር ሜዲትራኒያን ኦይል ኤንድ ጋዝ የተባለውን ኩባንያ ወደ 29 ሚሊዮን ፓውንድ በሚገመት ዋጋ ገዛ። ከንብረቱ ዋነኛው በአድሪያቲክ ባሕር፣ ከአብሩዞ የባሕር ጠረፍ ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ያለው ኦምብሪና ማሬ ነበር። ያ ጠረፍ «ትራቦኪ» በሚባሉት የዓሣ ማጥመጃዎቹ ይታወቃል፦ ከድንጋዩ ዳር ተነስቶ ባሕር ላይ በቀጫጭን ግንዶች የቆመ የእንጨት መደብ፣ ከእሱ ጫፍ የሚወጡ ረጃጅም ተራዳዎች፣ ከተራዳዎቹ የሚንጠለጠል ሰፊ መረብ። ዛሬ ብዙዎቹ ምግብ ቤት ሆነዋል። ከእነሱ ፊት ለፊት መድረክ ተተክሎ ዘይት ይወጣል መባሉ ነዋሪውን አስቆጣ፤ በሜይ 2015 በላንቻኖ ከተማ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ለተቃውሞ ወጣ።

የሕጉ ጉዞ የተጠማዘዘ ነው። ጣሊያን በ2010 በጠረፏ አቅራቢያ ቁፋሮን ከለከለች፤ በ2012 ቀድሞ የተጀመሩ ማመልከቻዎችን ከክልከላው አወጣች፤ በኦገስት 2015 የኦምብሪና ማሬ የአካባቢ ተጽዕኖ ፈቃድ ተሰጠ፤ በዲሴምበር 2015 ፓርላማው በ12 ማይል ክልል ውስጥ ያለውን ክልከላ እንደገና አጸና። በ2016 መጀመሪያ የምርት ፈቃዱ ተከለከለ።

እዚህ ላይ ሁለት ወገኖች ይለያያሉ፤ ሁለቱም ማስረጃ አላቸው። የኩባንያው ወገን የአካባቢ ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ በጣሊያን ሕግ የምርት ፈቃዱን መስጠት ግዴታ ነበር፤ መንግሥት የከለከለው አደጋን ለመከላከል ሳይሆን ለፖለቲካ ግፊት እጁን ሰጥቶ ነው ይላል። ተቃዋሚው ወገን ደግሞ ሮክሆፐር በ2014 ሲገዛ ክልከላው አንድ ጊዜ መጥቶ እንደሄደ፣ ሕዝቡም አደባባይ መውጣት እንደጀመረ ያውቅ ነበር፤ ይህን አደጋ በዋጋው ውስጥ አስልቶ ገብቷል ይላል። በእኔ እይታ የሁለተኛው ወገን ነጥብ ለባለአክሲዮኖች ብዙ ጊዜ በቅጡ አልተነገራቸውም። የፈቃድ ታሪክ ራሱ የጂኦሎጂውን ያህል ዋጋ ያለው መረጃ ነው።

ኩባንያው በ2017 የኢነርጂ ኢንቨስትመንትን በሚጠብቀው ዓለም አቀፍ የኢነርጂ ቻርተር ስምምነት መሠረት ኢክሲድ ዘንድ ከሰሰ። ጣሊያን ከስምምነቱ ከ2016 መጀመሪያ አንስቶ ወጥታ ነበር፤ ሆኖም ስምምነቱ ቀድሞ ለገቡ ኢንቨስትመንቶች ለ20 ዓመት ጥበቃውን ያራዝማል። በኦገስት 2022 ሦስቱ ዳኞች ክልከላው ካሳ ያልተከፈለበት ውርስ ነው ብለው ወደ 190 ሚሊዮን ዩሮ፣ በተጨማሪም ከጃንዋሪ 2016 ጀምሮ የሚታሰብ ወለድ ፈረዱ። የ29 ሚሊዮን ፓውንድ ግዢ የ190 ሚሊዮን ዩሮ ካሳ ወለደ የሚለው ንጽጽር በአውሮፓ የኢነርጂ ቻርተር ተቃዋሚዎች ዋና መፈክር ሆነ። ንጽጽሩ ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም፤ በግዢው ውስጥ ሌሎች ንብረቶችም ነበሩ፤ ኪሳራውም የሚሰላው በመግዣ ዋጋ ብቻ አይደለም። ልዩነቱ ግን የዚያ «ተገቢ» የሚል ቃል ጥያቄ ገና እንዳልተመለሰ ያሳያል፦ ያልተቆፈረ ዘይት የወደፊት ትርፍ ዛሬ እንደ ተረጋገጠ ሀብት ሊከፈል ይገባል ወይ?

የገንዘቡ መንገድ

ፍርዱ ሲወጣ የተነገረው ትልቁ ቁጥር ነበር። ለባለአክሲዮን የሚጠቅመው ግን ቁጥሩ የሚቆራረጥበት ቦታ ነው። ጣሊያን አልከፈለችም፤ ፍርዱ እንዲሻር አመለከተች። ሙግቱን ከመጀመሪያው ወጪውን እየቻለ ያካሄደው የክርክር ገንዘብ አቅራቢ ድርጅት ድርሻው ነበረው። በዲሴምበር 2023 ሮክሆፐር ከአንድ ልዩ ፈንድ ጋር ተስማማ፤ ፈንዱ በመጀመሪያ 45 ሚሊዮን ዩሮ ይከፍላል። ከዚህ ውስጥ 26 ሚሊዮኑ ለቀድሞው ገንዘብ አቅራቢ ሲሄድ ለኩባንያው የሚቀረው 19 ሚሊዮን ነው። የመሻር ጥያቄው ውድቅ ከሆነ ሌላ 65 ሚሊዮን ዩሮ ይጨመራል፤ ከዚያ በላይ ለኩባንያው የሚደርሰው ደግሞ ፈንዱ ካወጣው ሁለት እጥፍ በላይ ከሰበሰበ ብቻ ነው፣ ያውም ከዚያ ከሚበልጠው 20 በመቶ። ይህ ሁሉ ለኩባንያው ካዝና ነው። የትርፍ ድርሻ ይሁን፣ የፎክላንድ ሥራ ማስኬጃ ይሁን የሚወስነው የዳይሬክተሮች ቦርዱ ነው።

ስለዚህ ስምምነት ሁለት አስተያየት አለ። አንዱ ኩባንያው በእጁ ያለውን ተስፋ ርካሽ ሸጠው ይላል። ሌላው በሰማይ ያለችውን ላም ትቶ እጁ የገባውን ወተት ጠጣ ይላል። ቀጥሎ የሆነው ለሁለተኛው ያደላል። በጁን 2025 የኢክሲድ ልዩ ኮሚቴ ፍርዱን ሙሉ በሙሉ ሻረው። ምክንያቱ ስለ ዘይቱ፣ ስለ ባሕሩ ወይም ስለ ጣሊያን ሕግ አልነበረም፤ ከዳኞቹ አንዱ ቀደም ሲል በጣሊያን የነበረበትን የወንጀል ክስ ባለማሳወቁ ችሎቱ በአግባቡ አልተሰየመም ተባለ። ሮክሆፐር ለዚህ ቀን የገባው የ31 ሚሊዮን ዩሮ ኢንሹራንስ ነበረው፤ ክርክሩን በአዲስ ችሎት ለማንሳትም መብቱን እንደሚጠቀም አሳወቀ።

የዚህን ፍርድ ሂደት ለስምንት ዓመት የተከታተለ ሰው የነዳጅ ዋጋን፣ የአብሩዞን ፖለቲካ፣ የስምምነቱን አንቀጾች ሁሉ ቢያጠና የሻረውን ነገር አስቀድሞ ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ አልነበረም። ይህ ሊታሰብበት ይገባል፤ «ባለአክሲዮኑ ራሱ አጥንቶ ይግባ» የሚለው ምክር ወሰን እንዳለው ያሳያልና።

ሌሎች መልኮች፦ ጆንግሌይ፣ ጋምቢያ፣ ኩርዲስታን

በጣሊያን የነበረው ክርክር ከመንግሥት ጋር ነው። በደቡብ ሱዳኗ ጆንግሌይ የሆነው ግን ሁለት መንግሥት በአንድ መሬት ላይ ሲፈርም ነው። የፈረንሳዩ ቶታል ብሎክ ቢ የተባለውን ሰፊ ቦታ ከካርቱም ያገኘው በ1980 ሲሆን፣ በጦርነቱ ምክንያት ሥራውን በ1985 አቆመ፤ ውሉን ግን በዲሴምበር 2004 አደሰ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ በጃንዋሪ 2005፣ የሰላም ስምምነቱ ተፈረመ። በፌብሩዋሪ ደግሞ የቀድሞው የእንግሊዝ ክሪኬት ተጫዋች ፊል ኤድመንድስ የሚመራው ዋይት ናይል የተባለ ኩባንያ በኤይም ገበያ ወጣ። ከደቡቡ አስተዳደር ኩባንያ ከናይልፔት የብሎኩን ከፊል 60 በመቶ ተቀብሎ በምትኩ የአክሲዮኑን ግማሽ ሰጠ። በ10 ፔንስ የተሸጠው አክሲዮን በጥቂት ቀናት ከ130 ፔንስ አለፈ፤ ወዲያው ግብይቱ ታገደ። ያኔ ኩባንያው አንድም ጉድጓድ አልቆፈረም። ገዢዎቹ የገዙት የአንድ ተከራካሪ ወገን ፊርማ ነበር። በ2007 ጉዳዩ ለቶታል ተወሰነ። ቶታልም ቢሆን አልተጠቀመበትም፤ የደቡብ ሱዳን መንግሥት ከነጻነት በኋላ ብሎኩን ለሦስት ከፈለው፣ ድርድሩም ያለ ውጤት ቀረ።

ከዚህ ታሪክ አንድ ጫፍ ወደ ኢትዮጵያ ይደርሳል። ዋይት ናይል ካመራባቸው ሌሎች ቦታዎች አንዱ የደቡብ ኦሞ ተፋሰስ ነበር። ኩባንያው በኋላ አግሪቴራ ተብሎ ወደ እርሻ ሲዞር ያ ፈቃድ ወደ ተሎው ኦይልና አጋሮቹ ዞረ። እነሱ በ2013 እና በ2014 ሳቢሳን ጨምሮ የቆፈሯቸው ጉድጓዶች ለገበያ የሚበቃ ነዳጅ አላወጡም። በአንደኛው ቦታ ነገሩን የወሰነው ክርክር ነበር፤ በሌላው ደግሞ ጉድጓድ። ለባለአክሲዮኑ ውጤቱ ተቀራራቢ ነው።

ጋምቢያ ሦስተኛውን መልክ ታሳያለች። አፍሪካን ፔትሮሊየም በዚያች አገር ኤ1 እና ኤ4 የተባሉ የባሕር ብሎኮች ነበሩት። መንግሥት ፈቃዶቹ አብቅተዋል ብሎ ኤ1ን በ2019 ለቢፒ ሰጠ። ኩባንያው ኢክሲድ ዘንድ ቢከስም በ2020 ነገሩ በስምምነት አለቀ፤ የኩባንያው ወራሽ ፔትሮኖር በኤ1 ላይ ያለውን ጥያቄ ትቶ በኤ4 ላይ አዲስ ፈቃድ ተቀበለ። ይህ መንገድ ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ነው፤ ከካሳ ይልቅ ሥራ ያስገኛልና መንግሥትንም ኩባንያንም አያዋርድም። ችግሩ አዲሱ ፈቃድ እንደገና አዲስ ገንዘብ መጠየቁ ነው።

በኢራቅ ኩርዲስታን የሻይካን መስክ የነበረው ጋልፍ ኪስቶን ደግሞ ክርክሩን አሸነፈ። ኤክስካሊበር የተባለ ድርጅት የፈቃዱ እስከ 30 በመቶ ይገባኛል ብሎ ቢከስ የለንደን ፍርድ ቤት በ2013 ሙሉ በሙሉ ውድቅ አደረገው። ባለአክሲዮኖቹ ደስ አላቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን ኩባንያው ዕዳውን መክፈል አቅቶት ወደ 500 ሚሊዮን ዶላር የሚሆን ቦንድ ወደ አክሲዮን ተለወጠ፤ የድርጅቱን ትልቁን ድርሻ አበዳሪዎቹ ያዙ። ፈቃዱ ዳነ፤ የነባር ባለአክሲዮኖች ድርሻ ግን መነመነ።

ዛሬ የሚነሱ ጥያቄዎች

የመጀመሪያው ስለ ስምምነቶቹ ራሳቸው ነው። የአውሮፓ ኅብረትም ብሪታንያም በ2024 መውጣታቸውን አሳውቀው ከኢነርጂ ቻርተር ስምምነት በ2025 ወጥተዋል። ደጋፊዎቹ ስምምነቱ ሲጠፋ የሚጎዳው ትልቁ ኩባንያ ሳይሆን ትንሹ ቆጣቢ ነው ይላሉ፤ ትልቁ በድርድር ራሱን ያስከብራልና። ተቃዋሚዎቹ መንግሥታት ካሳን ፈርተው የአካባቢ ሕግ ከማውጣት እንዳይቆጠቡ ይሰጋሉ። የሮክሆፐር ታሪክ ለሁለቱም ወገን ማስረጃ ይሰጣል፦ ጣሊያን ሕጉን ከማውጣት አልተመለሰችም፤ ኩባንያውም ከጣሊያን አንድ ዩሮ ካሳ አልተቀበለም። ኢትዮጵያ የኢክሲድን ስምምነት በ1965 ፈርማ አላጸደቀችም፤ የውጭ ግልግል ውሳኔዎችን የሚያስፈጽመውን የኒውዮርክ ስምምነት ግን በ2020 ተቀብላለች። ስለዚህ በኦጋዴንም ሆነ በኦሞ የሚነሳ ክርክር በየትኛው ችሎት እንደሚታይ የሚወስነው በአብዛኛው ውሉ ላይ የተጻፈው ነው።

ሁለተኛው የመረጃ ጥያቄ ነው። ተቆጣጣሪዎች ኩባንያዎች ስለ ክርክሩ መኖር እንዲያሳውቁ ያስገድዳሉ። እኔ የምለው ከዚያ ይርቃል፦ ኩባንያው «ይህን ያህል ካሳ ጠይቄአለሁ» ሲል ከገንዘብ አቅራቢው፣ ከጠበቃው፣ ከግብሩና ከፈንዱ በኋላ የሚቀረው ስንት እንደሆነ በዚያው ገጽ ላይ መጻፍ አለበት። ገንዘብ አቅራቢዎች ይህን ሚስጥር ማድረግ ይወዳሉ፤ ተከራካሪው መንግሥት ካወቀ በድርድር ይጠቀምበታል ይላሉ። ምክንያቱ ከንቱ አይደለም፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ማወቅ ያለበት ሰው ነው። የአዲስ አበባው የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በ2025 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ይህ ጥያቄ ለእኛም ሩቅ አይደለም።

ሦስተኛው አብሩዞ ነው። ነዋሪው በክርክሩ ውስጥ ወገን አልነበረም፤ እንደ ባለአክሲዮኑ እሱም ከችሎቱ በር ውጭ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። የአንዱ ኪሳራ የሌላው ድል ተብሎ ቢጻፍም ሁለቱም የተቀመጡት አንድ ዓይነት ወንበር ላይ ነው። መጠበቁም ገና አላለቀም፤ ጣሊያን ከስምምነቱ ከወጣች በኋላም የሚቀጥለው የ20 ዓመት ጥበቃ የሚያበቃው በ2036 መጀመሪያ ነው። ክርክሩ እንደገና ከተነሳ አዲሶቹ ዳኞች በቀድሞው ፍርድ አይታሰሩም፤ ውርስ ነበር ወይ፣ ካሳው ስንት ነው የሚለውን ከባዶ ይጀምራሉ።